ጠረጴዛውን ማን አንኳኳው

መርማሪ ፊት ጠረጴዛ እየደበደብኩ «አልፈርምም!» ያልኩ ሰው ነኝ። ከቦርደዴ እስከ ገለምሶ እንደኔ ያለ ደፋር አልተፈጠረም። እርግጥ ሊይዙኝ ሲመጡ የባለቤቴን ሮዝ ነጠላ ጫማ አጥልቄ ነው የወጣሁት፤ ጭሮን በሱ አቋርጬ ጣቢያ ገባሁ።

የእስር ክፍሏ ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ትሸታለች። ጥግ ላይ ጎረቤቴ፣ ጫት ነጋዴው ሀጂ ተቀምጠዋል።

«አቦ ቲቸር፣ አንተንም?»

«እርስዎንስ በምን ያዙዎት?»

«በአንተ መልእክት!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ውጭ አገር፣ ከዋክብት ሲጋጩ የሚነሣውን የስበት ሞገድ የሚያዳምጥ መሣሪያ አለ። እጅግ ስስ ስለሆነ መኪና ባለፈ ቁጥር ይደነብራል፤ ድንገተኛ ጫጫታ ይመዘግባል። ባለሙያዎቹ ምንጩን ለማግኘት ጫጫታውን ወደ ምስል ቀይረው በኢንተርኔት ይለቁታል፤ እንደኔ ያለ ፈቃደኛ በየመልኩ ይለየዋል። አንዱ ምስል ጭነት የበዛበት መኪና ቢመስለኝ ለሀጂ ላክሁላቸው፦ «የሀጂ አይሱዙ ገባ፤ ለጥቂት ኮከብ ተብሎ ሊያልፍ ነበር።» ቀልዴ ነው። በዚያ ሰሞን ግን ሰው የሚታፈስበት ጊዜ ነበር፤ ቀልድ የሚሰማ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ተጠራን። ከኛ በፊት የተጠሩት ሲመለሱ ግድግዳ ይዘው ነው የሄዱት። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡን። መርማሪው ወረቀት ገፋልኝ።

«አይሱዙው የጦር መሣሪያ ጭኖ እንደገባ ፈርም። ዛሬ ቤትህ ታድራለህ።»

«ሀጂስ?»

«እሳቸው ይቆያሉ። ኮከቡ ማነው?»

ይሄኔ ጠረጴዛው ጮኸ። ቀቀቀቀ። መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ምንድነው እሱ?»

ሙያዬ መጣብኝ። «ድንገተኛ ጫጫታ ነው ጌታዬ። መጀመሪያ የውጭውን ማጣራት ነው።»

ውጭ አንድ አይሱዙ ዳገቱን እየጮኸ ወጣ። ራቀ። ጠረጴዛው አልተወም።

«አይሱዙ አይደለም» አልኩ።

«ትቀልዳለህ?»

ቬንትሌተሩን አጠፋ። ሙቀቱ ተጫነን፤ ድምፁ ቀጠለ። በሩን በርግዶ ኮሪደሩን አየ፤ ማንም የለም። ሲመለስ እጁ ሽጉጡ ላይ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ለማየት ሊያጎነብስ ሲል ሀጂ ቀስ ብለው መዳፋቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። ጸጥ አለ።

«ምንጩ ተገኘ» አልኩ። «ጉልበቴ ነው።»

አልሳቀም። «ትፈርማለህ?»

ሀጂ እጃቸውን አነሡ። ሊጫኑኝ አልፈለጉም መሰለኝ። ቀቀቀቀ፣ ጠረጴዛው እንደገና ጀመረ።

«አልፈርምም» አልኩ፤ ድምፄ ከጠረጴዛው ያንሳል።

«ተነሡ!»

መነሣት አቃተኝ። ሀጂ ወደኔ አዩና ከትከሻቸው ላይ የማይለየውን ሽርጥ አውርደው ወገቤ ላይ አሰሩልኝ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ ሊወስደን የመጣው ጠባቂ።

«ቲቸር ሊሰግድ ነው።»

«ክርስቲያን አይደል እንዴ?»

«አላህ የፈቀደለትን ማን ይከለክላል?» አሉና ደግፈው አወጡኝ።

ቆይቶ ሁለታችንንም ያለ ክስ ለቀቁን። ምስሎቹን ዛሬም እለያለሁ። ሀጂ ሽርጡን መልስ ብለውኝ አያውቁም። ጫት ላይ ወሬው ሲነሣ፣ ጠረጴዛ እየደበደበ እምቢ አለ ይባልልኛል፤ ሽርጥ ታጥቆ ስለወጣ ሰልሟል የሚሉም አሉ። ሀጂ ሲጠየቁ «ወላሂ፣ ጠረጴዛው ጮኋል» ብቻ ነው የሚሉት።

አልሰለምኩም። ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነበር።