ማሽን ሆድ የለውም

መብራት ኒው አልባኒ ከተማ ካሉት ትልልቅ የዕቃ ዌርሃውሶች በአንዱ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ትነዳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ይዝናናበታል የተባለውን ሁሉ ሞክራ፣ ልቧን ትንሽ ቀለል ያደረገላት ካዚኖ ገብቶ የቁማር ማሽን መጫወት ብቻ ሆነ። ይህን የሰሙ ጓደኞቿ በድንጋጤ አፋቸውን ይይዛሉ። እሷ ግን የራሷ ሕግ አላት። በወር አንዴ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ስልሳ ዶላር ካሽ ይዛ ትሄዳለች፤ ካርዷን ቤት ትታ። ስልሳውን ገና ከቤት ስትወጣ እንደወጣ ገንዘብ ትቆጥረዋለች። ካለቀ ተነሥታ ትሄዳለች። ካሸነፈች ደግሞ ያገኘችውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ትዘጋለች፤ ያን ቀን መልሳ አትነካውም።

ታናሽ ወንድሟ ዳጊ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ፣ "እስቲ እኔም ልየው" አላት። ወሰደችው። መንገድ ላይ ሕጓን ሁሉ ነገረችው።

"ገብቶኛል እታለም" አለ፤ ዓይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነበር።

ያን ቀን ዳጊ አሸነፈ፤ ደህና ገንዘብ። መብራት እስካሁን የምትረግመው ያንን ማሸነፉን ነው። ከዚያ በኋላ ከዴሊቨሪ ሥራው ሲወጣ ብቻውን መሄድ ጀመረ። ስትጠይቀው "አልፎ አልፎ ነው" ይላል። ስትቆጣው "አንቺም እኮ ትጫወቻለሽ" ይላል። ይህን ሲላት ስንቴ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት!

አንድ እሁድ ስትገባ ቀድሟት ተቀምጦ አገኘችው። ጺሙ አድጓል፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

"ማሽኑ ከጠዋት ጀምሮ ገንዘቤን እየበላ ነው" አላት ሰላም እንኳን ሳይላት። "አሁን ሞልቷል፤ ሊተፋ ነው።"

"ማሽን ሆድ የለውም ዳጊ። የበላውን አያስታውስም። በተጫንከው ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ? የስልሳ ዶላር ተጫዋች!"

"የምትጫወትበት የቤት ሬንት ገንዘብ ነው?"

ዓይኑን ከማሽኑ ሳያነሣ ኪሱን ዳበሰ።

"ነው ወይ?"

"ያንን ስልሳ ስጪኝ። ዓርብ ደሞዝ ሲገባ እመልሳለሁ።"

አልሰጠችውም። ዳጊ ተነሥቶ የሚያበድረው ሰው ፍለጋ አዳራሹን መዞር ያዘ። ወዲያው አንዲት ነጭ አሮጊት ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ጥቂት ተጫኑና ትልቅ ገንዘብ ወጣላቸው፤ ማሽኑ እየበራ እየጮኸ አዳራሹን ቀወጠው። ዳጊ ከወዲያ ማዶ እየሮጠ መጣ።

"ዛት ኢዝ ማይ መኒ!" ብሎ ጮኸባቸው።

አሮጊቷ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። ሴኩሪቲዎች ሲመጡ መብራት ይቅርታ እየለመነች፣ መሬት ተከፍቶ በዋጠኝ እያለች፣ በጃኬቱ ጎትታ አወጣችው።

ፓርኪንጉ ላይ "ብትሰጪኝ ኖሮ የኔ ነበር!" አለ።

"አንተ ብትቀመጥ ኖሮ ያው ዕጣ አይወጣልህም ነበር! በየትኛው ቋንቋ ልንገርህ?"

"ወደዚህ ያመጣሽኝ ራስሽ ነሽ" አላት።

ይህቺ ቃል ወጋቻት።

በማግስቱ ደውላ ቁርጡን ነገረችው። ሬንቱን አንዴ፣ በቀጥታ ለአከራዩ፣ ትከፍላለች፤ እሱ ደግሞ ካዚኖ እንዳይገባ ፈርሞ ራሱን ያሳግዳል፤ ደሞዙም እሷ በምትይዘው አካውንት ይገባል። ሁለት ሳምንት አኮረፈ። በኋላ አከራዩ ሲያስጨንቀው እሺ አለ፤ ካዚኖው ቢሮ አብራው ሄደች፤ ለአንድ ዓመት እንዳይገባ ፈረመ።

ሰላም ግን አልመጣም። አሁን ዳጊ በየቀኑ ይደውላል።

"እታለም፣ ጫማዬ ተቀዷል፤ ገንዘብ ላኪልኝ።"

"ፎቶውን ላክልኝ።"

"የገዛ ላቤን በፎቶ ልለምን?"

ገንዘቡን በእጁ ለመስጠት አላመነችውም፤ ከሥራ ስትወጣ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል ድረስ ነድታ ጫማውን ራሷ ገዛችለት። እሷ ራሷ ካዚኖ ከረገጠች ወራት አልፈዋል። እሱ ታግዶ እሷ መግባቷ አልዋጥላት አለ። "እኔ ምን አጠፋሁ?" ትላለች መሪውን በመዳፏ እየመታች። ማሽኑ ደሞ እኮ ናፍቋታል።

ጫማውን አደረሰችለት። እግሩን አስገብቶ ቆመ፤ ፊቱን አጨማደደ።

"ጠበበኝ።"

መብራት ጫማውን ከእግሩ አወለቀች፤ ካርቶኑ ውስጥ መልሳ ከታ ደረሰኙን ፈለገች፤ ልትቀይረው የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች።