የቫልደኒራ ቁጥር

ቫልደኒራ የተንጠልጣይ አልጋውን ዘርፍ እየቋጨች ነበር። ነጩን ድር በሁለት ጣቶቿ ለይታ ታወጣለች፤ ጉልበቷ ላይ ታሻሸዋለች፤ ትቋጥረዋለች፤ የተረፈውን ጫፍ በጥርሷ ትበጥሰዋለች። አንዱን ወገን ጨርሳ ሌላውን ይዛለች። አልጋው የክርስትና ልጇ የጁሲያራ ነው። በመንደሩ ልማድ ሙሽራዋ በምትገባበት ክፍል፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚሰቀለውን አልጋ የምትሠራው የክርስትና እናት ናት። በሰርጉ ዋዜማም በገዛ እጇ ይዛው ትሄዳለች እንጂ በሰው አትልከውም። ሰርጉ ነገ ነው።

የጁሲያራ አባት ኦስማሪኖ፣ አበልጇ፣ በዚያ ደረቅ የብራዚል አገር ለመንደሩ ኢንተርኔት የሚያስገባ ሰው ነው። መሰላሉን ተሸክሞ ከምሰሶ ምሰሶ ገመዱን የዘረጋው እሱ ራሱ ነው። ኢንተርኔት የገባለት ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፤ አይፒ አድራሻ ይሉታል። ከዚያ ቤት የሚወጣ ነገር ሁሉ ያንን ቁጥር ይዞ ይሄዳል፤ መልሱም በዚያው ቁጥር ይመለሳል። ለኦስማሪኖ ከበላይ የተመደቡለት ቁጥሮች እንደ ድርቅ ዘመን ዘር ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ለብዙው ቤት በውሰት ነው የሚሰጠው፤ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው። ለቫልደኒራ ግን፣ «ለአበልጄማ የውሰት አይገባትም» ብሎ አንዱን ቆርጦ ሰጣት። የማይለወጥ፣ የብቻዋ። ሩቅ ከተማ ያለችው ልጇ የእናቷን በር በካሜራ የምታየው በዚያ ቁጥር ነበር።

ቫልደኒራ ዓይናፋር ናት፤ በዕድሜዋ የኮራችበት ነገር ቢኖር ይህ ቁጥር ነው። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰዎች ስለ ኢንተርኔት ሲያማርሩ ከሰማች፣ ቀስ ብላ፣ «እኔ እንኳ የራሴ አለኝ» ትላለች። ጎረቤቷ ዚልማር ታዲያ፣ «እትዬ ባለቁጥር መጡ! ኧረ መንገድ ልቀቁላቸው! እኛ የውሰቶቹ ወደ ዳር!» እያለ ሰዉን ያስቀዋል። እሷም አፏን በመዳፏ ሸፍና ትስቃለች።

ከፋሲካ በኋላ በመንደሩ የፌስቡክ ገጽ ላይ አንድ ክፉ ጽሑፍ ወጣ። የጸሐፊው ስም የለበትም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክሌዮኒሲ የድሀውን መድኃኒት እየሸጠች ትበላለች ይላል። ክሌዮኒሲ ማለት የቫልደኒራ ባል ሊሞት ሲያጣጥር ከጎኑ ተቀምጣ ከንፈሩን በእርጥብ ጥጥ ያራሰች ሴት ናት። ከሰሰች። ፖሊስ ጽሑፉ የወጣበትን ቁጥር አገኘና ኦስማሪኖን «ይህ የማን ነው?» አለው።

«የእትዬ ቫልደኒራ ነው» አለ ኦስማሪኖ።

ሌላ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። ቁጥሩ የብቻዋ መሆኑን ለመንደሩ ስትናገር የኖረችው ራሷ ናትና። ዚልማር ቀልዱን ተወ፤ ስታልፍ ጫማውን ያያል። ደም ግፊቷን ለመለካት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ክሌዮኒሲ ክንዷን አስራ ለካችና ፈታችላት።

«ክሌዮ፣ እኔ እኮ አይደለሁም።»

«ቁጥሩስ?»

«ቁጥሩማ የኔ ነው፤ ግን...»

«ግፊትሽ ከፍ ብሏል። ጨው ቀንሺ።» ቀጣዩንም ታካሚ ጠራች።

በዋዜማው፣ ከምሳ በኋላ፣ ኦስማሪኖ ደጇ ላይ ቆሞ፣ እንደ አገሩ ልማድ በማንኳኳት ፈንታ አጨበጨበ።

«አበልጄ! አላለቀም እንዴ? ጁሲያራ አልጋው የሚሰቀልባቸውን የግድግዳ ቀለበቶች ዘይት ስትቀባ ነው የዋለችው!»

«ይግቡ፣ ይግቡ።» የታማሪንድ ፍሬ ጭማቂ ቀድታ ሰጠችውና ወደ ድሯ ተመለሰች። «አበልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ቁጥር የብቻዬ አይደል? ታዲያ እኔ ሳልጽፍ እንዴት ከኔ ቤት ይወጣል? መሣሪያው ተሳስቶ ይሆን?»

ኦስማሪኖ ብርጭቆውን በእጁ አዞረው። «የብቻዎ ነበር።»

«ነበር?»

«ደንበኛ በዛ፤ ቁጥር አለቀ። ካሜራዎን አልነካሁትም። ግን የመንገዱን ቤት ሁሉ በርስዎ ቁጥር ላይ አንጠለጠልኩት። ከውጭ ለሚያየው ሁሉም አንድ ቤት ነው የሚመስለው። ማካፈሉ እኮ በየአገሩ ያለ ነው።»

«የዚልማርም ቤት?»

«የዚልማርም።»

«የእርስዎም?»

ጭማቂውን ተጎነጨ። «የኛም።»

ድሩ ከጣቷ አመለጠ። «ለፖሊሱ ነግረውታል?»

«የጠየቀኝ የማን እንደሆነ ብቻ ነው። የተመዘገበው በርስዎ ስም ነው።»

«ማን እንደጻፈውስ ያውቃሉ?»

«ማርያምን አላውቅም! ያንን ለይቶ የሚይዝ መሣሪያ አላስገባሁም።»

«እንግዲያው ለክሌዮኒሲ ይህንኑ ይንገሯት። ከማን ቤት እንደወጣ አይታወቅም ይበሏት። አሁኑኑ አብረን እንሂድ።» ጫማዋን በእግሯ ትፈልግ ጀመር።

«አሁን? ነገ እኮ ሰርግ ነው፣ አበልጄ! ፖሊስ በልጄ ሰርግ ማግስት ቤቴን ሲበረብር የሙሽራው ወገን ምን ይላል? ደንበኛውስ? እርስዎን ማን ይነካዎታል፣ አንዲት አሮጊት! ትንሽ ይቻሉልኝ፤ ሰው ይረሳል።»

ቫልደኒራ ቀና ብላ አየችው። በጁሲያራ ጥምቀት ዕለት አጠገቧ ሻማ ይዞ የቆመው ያው ሰው ነው፤ ፂሙ ብቻ ሸብቷል።

«በሰው ፊት ስኮራ እየሰማህ ዝም አልክ» አለችው። «አንተ» ስትለው ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ብነግርዎ ያዝኑብኛል ብዬ ነው።»

«ይኸው አዘንኩ።»

ባርኔጣውን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ፣ ምንም እንዳልተባለ ሁሉ፣ «ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጠብቅዎታለን» አለ።

እሷም ብቻዋን ስትቀር ጥቂት ዘርፍ ቋጨች። ጁሲያራ ምን አጠፋች ብላ አሰበች። አልጋውን እንዳላለቀ አጣጥፋ በነጭ አንሶላ ጠቀለለችው፤ ይዛውም ወጣች። ወደ ኦስማሪኖ ቤት የሚወስደው መንገድ በጤና ጣቢያው በኩል ነው። ክሌዮኒሲ መስኮቱ ላይ ጓንት ታሰጣለች። ቀና ብላ ቫልደኒራን አየቻት፤ መስኮቱንም ዘጋችው።

ቫልደኒራ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጁሲያራ ቀለበቶቹን ዘይት ቀብታ ትጠብቃለች። አልጋው ግን አንድ ወገኑ ተቋጭቶ፣ የሌላው ወገን ድር እንደተንዘረፈፈ፣ ከበሩ ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ቀረ።