የሩቆቹ ሳይደርሱ

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናትን በአንድ ኅብረት ካሰባሰቡት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። እኔ ግን ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ በር ላይ መቆማቸው ነው። የኅብረቱ ጠቅላላ ጉባኤ እዚህ ጎፋ፣ በአጥቢያችን አዳራሽ ሲካሄድ፣ ከሩቅ ገጠር የሚመጡት ተወካዮች ሳይደርሱ አይቀመጡም፤ ጉባኤውም አይጀመርም።

መስተንግዶ ላይ ስለነበርኩ አንዴ ተነጫነጭኩባቸው። «ጋሼ፣ ኧረ ሻዩ ቀዘቀዘ! እንጀምርና ሲመጡ ይቀላቀሉናል።»

ዓይናቸውን ከአስፋልቱ ሳያነሱ፣ «ልጄ፣ ኅብረቱ የማንም አለቃ አይደለም» አሉኝ። «እያንዳንዷ አጥቢያ ራሷን ታስተዳድራለች። እነሱ በሌሉበት ከወሰንን ትእዛዝ እንጂ ኅብረት አይባልም።»

ተወካዮቹ በጭቃ ጫማቸው ሲገቡ ጋሼ አንድ በአንድ አቅፈው ሳሟቸው። እኔም እያጉረመረምኩ ሻዩን እንደገና ጣድኩ።

ጋሼ ያረፉ ጊዜ ከእነዚያ ተወካዮች አንዱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። «ያን ቀን ከኅብረቱ እንወጣለን ልንል ነበር የመጣነው» አለኝ። «በር ላይ ቆመው ሲጠብቁን ስናይ አፋችን ተያዘ።»

እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጠን እግዚአብሔር ይመስገን።

ዘንድሮ ጉባኤው ያለ ጋሼ ተሰበሰበ። የሩቆቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው። ሰብሳቢው «እንጀምር?» ሲሉ ሁላችንም ዞረን ባዶውን በር አየን። እሳቸውም ማይኩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሄደው በሩ ላይ ቆሙ።