የሮቃው ጉቶ ያልነገራት

አጅዋንግ ኦሞት ስትቆጣ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። የሚያውቋት ስትጮህ አይፈሯትም፤ ማንሾካሾክ ስትጀምር ግን ቀስ ብለው ከወናፉ አጠገብ ገለል ይላሉ። ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ከአንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር በተቀለሰች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ብረት መቀጥቀጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ሰሞን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያት ነበር፤ ሴት መዶሻ ይዛ ምን ትሠራለች ብሎ። አሁን የሚቆመው ገጀራ የፈለገ ብቻ ነው።

ገጀራዋ እንደ ሰንጢ አይታጠፍም፣ እንደ ሱቅ ቢላዋም አይብለጨለጭም። ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የሚቀጠቀጥ፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የሚረዝም ከባድ ነገር ነው፤ በትኩሱ የተመታ የዓሣ ጅራት ምልክት አለው። ምልክቱ የአባቷ ነበር። እሳቸው ደግሞ አንድ የማይፈርስ ሕግ ነበራቸው፦ ማንኛውም ገጀራ ከዳሱ ከመውጣቱ በፊት፣ ደጃፉ ላይ ያለውን ደርቆ ድንጋይ የሆነ የሮቃ ዛፍ ጉቶ ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ በስለቱ የክንድ ጸጉር ይላጫል። በዚህ ሕግ ምክንያት የአጅዋንግ ግራ ክንድ ለሃያ ሁለት ዓመት ጸጉር አብቅሎ አያውቅም።

ባለፈው ጥር ታዲያ ከጀዊ የስደተኞች ካምፕ ክፉ ወሬ መጣ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ከአጅዋንግ ገዝቶ ለካምፑ ሴቶች ካከፋፈላቸው አርባ ገጀራዎች አንዱ ተሰብሮ፣ ስባሪው ኛኪም የምትባል ሴት ጭን ሰነጠቀ። ወሬ መንገድ ላይ ይወፍራል። ኒውላንድ ሲደርስ፣ «አንዲት አኙዋ ለኑዌር ሴቶች ሆን ብላ የሚሰበር ብረት ሰጠች» ሆኖ ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች ተጋጭተው በሚያውቁበት በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ወሬ በቀልድ አይታለፍም። ድሮ የአባቷ ረዳት የነበረው፣ ዛሬ ከገበያው ማዶ የራሱን እሳት የሚያነደው ኦሉም ደግሞ በየሻይ ቤቱ «እሳት አመድ ወለደ» እያለ ቤንዚን ጨመረበት።

በሦስተኛው ቀን የድርጅቱ ንብረት ክፍል ኃላፊ ዘውዱ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ከደጋ መጥቶ አሥራ አምስት ዓመት ጋምቤላ የኖረ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ክፋት የሌለበት ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ይልቅ ያስቸግራል።

«ስሚኝ አጅዋንግ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አላት። «ሴትየዋ ገጀራውን እንጨት ላይ አስቀምጣ ጀርባውን በዱላ ስትቀጠቅጥ ነው የተሰበረው። ገጀራ እንደዚያ ይደረጋል እንዴ? ‹ተጠቃሚዋ አጠቃቀም ባለማወቋ› ብዬ ጽፌዋለሁ። እዚህ ጋ ፈርሚ፤ ስምሽም ይጸዳል፣ ፋይሉም ይዘጋል።»

አጅዋንግ ወረቀቱን ሳትቀበል፣ «ጋሼ ዘውዱ፣ እግሯን አይተሃል?» አለች።

«ሪፖርቱን ነው ያየሁት።»

«እኔ ብረቱን ሳላይ አልፈርምም።» ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ» አለ ዘውዱ፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በማግስቱ ጀዊ ሄደች። ኛኪም ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማታባክን ሴት ናት። ጭኗ በፋሻ ተጠቅልሎ ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ኛኪም አሥር ዓመት ገበያ ስትመላለስ የለቀመችው አማርኛ ነበራት፤ በእሱ ተነጋገሩ። ሁለቱን ስባሪዎች አውጥታ መሬት ላይ አኖረችላት። አጅዋንግ አንዱን አንስታ ስታይ የዓሣ ጅራቱ ከነግርማው አለ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብላ መካድ ትችል ነበር፤ በከተማው ምልክት የሚያስመስል አይጠፋም።

«የእኔ ነው» አለች።

«ለምን መጣሽ?»

«እንዴት እንደምትሠሪበት አሳዪኝ።»

ኛኪም የጎረቤት ገጀራ ተዋሰች። ወፍራም ደረቅ ግንድ አቆመች፣ ስለቱን አናቱ ላይ አኖረች፣ ጀርባውን በዱላ ትቀጠቅጠው ጀመር። «መጥረቢያ የለም» አለች እየመታች። «እንጨቱ ወፍራም ነው። ልጆች መብላት አለባቸው።»

ይኼኔ አጅዋንግ እናቷ ትዝ አሏት። እናቷም እንዲህ ነበር የሚፈልጡት። አንድ ቀን ገጀራው እጃቸው ላይ ተሰበረና አባቷ በሰው ፊት «አጠቃቀም አታውቂም» ብለው ጮኹባቸው። ከዚያ ወዲያ እናቷ እስኪሞቱ ድረስ የባላቸውን ብረት አልነኩም፤ ማገዶ ባስፈለገ ቁጥር ጎረቤት እየዞሩ መጥረቢያ ይለምኑ ነበር። ዘውዱ ኪስ ውስጥ ያለው ቃል የአባቷ ቃል ነው። አጅዋንግ የተቆጣችው በዘውዱ ብቻ አልነበረም፤ ሴት ሆና ሳለ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ገጀራን ወንድ እንደሚቆርጥበት ብቻ ስትፈትን በመኖሯ በራሷም ነበር። ጉቶው ላይ ሦስት ምት ችሎ፣ ጸጉር ላጭቶ የወጣ ብረት ኛኪም እጅ ላይ እንደ ብርጭቆ ረግፏል።

«ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እኔ ጋ ነዪ» አለቻት። «አዲስ እሠራለሁ። አንቺ ትመቺዋለሽ። ከቻለ የሌሎቹንም ሴቶች ሁሉ አድሳለሁ። ከተሰበረ እሳቴን አጥፍቼ፣ ወናፌን ቀድጄ ቤቴ እገባለሁ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

ሥራው እንደ አፍ አልቀለለም። አባቷ የጋለውን ብረት እንዳለ ውሃ ውስጥ ነበር የሚነክሩት፤ ስለቱ ይጠነክራል፣ ጀርባውም አብሮ ይደርቃል። የመጀመሪያውን ሠርታ በዱላ ብትመታው ተሰበረ። ሁለተኛውን ሳትነክር ብትተወው ቆልመም አለ። ሦስተኛውም ተሰበረ። የተሰበሩትን አልደበቀችም፤ በሽቦ አስራ መንገድ ዳር ኒሙ ላይ ሰቀለቻቸው። ኦሉም ሲያልፍ ቆሞ «ገበያሽን ሰቀልሽው» ቢላት፣ «ደህና አድርገህ እየው» አለችው። ለአራተኛው ስለቱን ብቻ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ውስጥ ነክራ፣ ጀርባውን አየር ላይ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተወችው። የአባቷን ነፍስ ይማር እንጂ፣ እንዲህ ሲደረግ ቢያዩ መዶሻ ይወረውሩባት ነበር። የዓሣ ጅራቱንም አልመታችበትም።

ቅዳሜ ዳሱ ፊት ሰው ሞላ። ግማሹ ገጀራው ሲችል፣ ግማሹ ሲሰበር ለማየት የመጣ ነው። ዘውዱ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሟል፤ ኦሉም እጁን አጣምሮ ከፊት ነው። ኛኪም እያነከሰች ከባጃጅ ወረደች። ሾፌሩ ከኋላዋ ጉጥ የበዛበት አስቀያሚ ግንድ አወረደላት።

«በእናንተ እንጨት አልመታም» አለች። «የራሴን አምጥቻለሁ።»

የአባቷ ጉቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታ። ኛኪም ገጀራውን ግንዱ አናት ላይ አኑራ በዱላዋ መታች፤ ገባ። ደገመች፤ ገባ። በአምስተኛው ጉጡ ጋ ሲደርስ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ወደታችም ወደላይም አልል አለ። አጅዋንግ ሳይታወቃት እጇን ዘረጋች። ስለቱ በየት በኩል እንደሚላቀቅ እሷ ታውቃለች።

«ተዪ» አለቻት ኛኪም።

አጅዋንግ እጇን ሰበሰበች። ኛኪም እጀታውን ይዛ ግራ ቀኝ ጠመዘዘችው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ብረት ቀጥቃጭ ለሥራው አይመኝም። ከዚያ ባላት ጉልበት ሁሉ መታችው። ቋ! አለ። አጅዋንግ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ግንዱ ለሁለት ተከፍሎ ወድቋል፤ ገጀራው ኛኪም እጅ ላይ ነው። ኛኪም አላጨበጨበችም፤ ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና «እዚህ ጋ ጎደሎ አለው» አለች።

«ሞረድ ያስተካክለዋል» አለች አጅዋንግ።

ኦሉም ዝም ማለት አልሆነለትም። «አባትሽ የገጀራ ጀርባ በዱላ ሲቀጠቀጥ ቢያዩ ከመቃብር ይነሱ ነበር።»

አጅዋንግ ድምፅዋ በጣም ዝቅ አለ፤ ሰው ለመስማት ጠጋ ጠጋ አለ። «ይነሳ። አባቴ ማገዶ ፈልጦ አያውቅም። የምትፈልጠው እናቴ ነበረች።»

ዘውዱ ወረቀቱን እያሻሸ፣ «ታዲያ እኔ ምን ብዬ ልጻፍ?» አላት።

«ብረቱ ደካማ ነበር በል። የሠራችው አጅዋንግ ናት በል። እሱን እፈርምልሃለሁ።»

ከዚያ የዓሣ ጅራቱን ማተሚያ አምጥታ፣ ሳይነከር ለስልሶ በመቅረቱ በቀዝቃዛውም ምልክት በሚይዘው የገጀራው ጀርባ ላይ አቆመችና መዶሻውን ለኛኪም ሰጠቻት። ኛኪም አንዴ መታች። ምልክቱ ትንሽ ጠመም ብሎ ወጣ፤ አጅዋንግ ልታቃናው አልሞከረችም።

«ሠላሳ ዘጠኙን ሰኞ ይዘን እንመጣለን» አለች ኛኪም፣ ገጀራውን በጨርቅ እየጠቀለለች።

«እንጨታችሁንም ይዛችሁ ኑ» አለች አጅዋንግ።