የተከፈለበት ገንፎ

ባለፈው ሳምንት በአሶሳ ገበያ ዳር ሳልፍ ከአንዱ ምግብ ቤት ጓሮ የባሚያ ወጥ ሽታ መጣና እግሬን ያዘኝ። ባሚያው በፀሐይ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በሰሊጥ ዘይት ሲንጨረጨር የሚያወጣው ያ ከበድ ያለ ሽታ ለሌላው ሰው ምሳ መድረሱን ይነግረዋል፤ እኔን ግን ግድግዳ አስደገፈኝ። የቤቱ አሳላፊ ወጥቶ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» ቢለኝ «ርቦኝ ነው» ብዬ ዋሸሁት። ደግ ልጅ ነው፤ አስገብቶ አስቀመጠኝ፤ እኔ ግን ያቀረበልኝን ሳልነካ ከፍዬ ወጣሁ።

እኔ ልጅ ሳለሁ አሶሳ ከተማ አልነበረችም። በቀርከሃ አጥር የታጠሩ ጎጆዎች፣ ከሱዳን በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች አህያቸውን የሚያራግፉበት ሜዳና በሳምንት አንድ ቀን የሚቆም ገበያ ነበረች። በዚያ ገበያ ጨው ይሸጣል፣ ጥጥ ይሸጣል፣ በላባ አገዳ ውስጥ የታሸገ የወርቅ ዱቄት ይሸጣል፤ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ የማይሸጥ ነገር ቢኖር የበሰለ ምግብ ብቻ ነው። የራበው መንገደኛ በቅርብ ካገኘው ቤት ገብቶ፣ ከሰዎቹ ጋር ከአንድ ገበታ ቆርሶ፣ አላህን አመስግኖ ይሄዳል። ገንፎ የሸጠች ሴት ውሃ ከወንዝ ቀድታ ለጎረቤት እንደምትሸጥ ንፉግ ትቆጠር ነበር።

አባታችን ወርቅ ለማጠብ አፈር ሲቆፍር ናዳ ተጭኖት ሞቶ ነበርና ቤታችን ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ እህቴ ሃዋና እኔ ነበርን። ሃዋ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሆናት አይቀርም፤ እኔ ከእሷ በአምስት ዓመት አንሳለሁ። ሳቋ ቶሎ የሚመጣ፣ የነጋዴዎቹን አካሄድ አንድ በአንድ እየቀዳች እናቴን ሳይቀር የምታንከተክት ልጅ ነበረች። እኔን «ሆዳሟ» ነበር የምትለኝ፣ ያለ ምክንያትም አልነበረም፤ ድስት ሲወጣ ቂጡን ለመፋቅ የምቀድማት እኔ ነበርኩ።

ክረምቱ አልፎ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር፣ ወንዞቹ ጎድለው መንገዱ ሲከፈት፣ አገሩ ሁሉ ደስ ሲለው እናቴ ትፈራ ነበር። ከነጋዴዎቹ ኋላ ልጅ የሚወስዱ ሰዎች ይመጡ ነበርና በየበጋው ከየመንደሩ ልጅ ይጠፋል፤ ውሃ ልትቀዳ የወጣች፣ ፍየል ሊመልስ የሄደ በዚያው ይቀራል። የሚወሰደው ደግሞ አባትና ወንድም ከሌለበት ቤት ነው። አጎታችን ከእኛ ርቆ መንጌ በሚባል አገር ነበር የሚኖረው፤ እሱ ጩኸታችንን ሰምቶ እስኪደርስ ወሳጁ የት ይደርሳል?

እናቴ የነበራት አንድ ነገር የአገሩ ሕግ ነበር። በእንግድነት ገብቶ ገንፎህን የበላ ሰው ቤትህን አይነካም፤ ከነካ ሽማግሌዎች ገበያ ላይ ቆመው ያወግዙታል፣ ከዚያ ወዲያ ጨው የሚገዛው፣ ውሃ የሚያሳየው፣ መንገድ የሚመራው አያገኝም። ለነጋዴ ይህ ሞት ነው። እናቴ ይህን ስታወጣ ስታወርድ ከርማ፣ አንድ ጥቅምት ላይ ከመንገዱ አፋፍ የቀርከሃ ዳስ አስተከለችና የሚያልፈውን ሁሉ እየጠራች ማብላት ጀመረች። ጎረቤቶቻችን ባሏን በማጣቷ አእምሮዋ የተነካ መስሏቸው ነበር። ለእኛ ግን ገበታውን እያበሰች «ሁሉንም ካበላኋቸው እናንተን የሚወስድ ማን ይቀራል?» ትለን ነበር።

በዚያ በጋ ከጧት እስከ ማታ ሃዋ ባሚያ ትወቅጣለች፣ እናቴ የማሽላውን ገንፎ እያማሰለች ክንዷ ያብጣል፣ እኔ ለእንግዳ እጅ መታጠቢያ ውሃ እይዛለሁ። ነጋዴዎቹ እናቴን «ኡም ሃዋ» ይሏት ነበር፣ የሃዋ እናት ማለታቸው ነው፤ አህያ እያራገፉ «ኡም ሃዋ ዘንድ እንብላ» ሲሉ እሰማለሁ። በዚያ ዓመት ከመንደራችን አራት ልጆች ሲጠፉ የእኛን ደጃፍ የረገጠ ክፉ ሰው አልነበረም። እናቴም ያን ጊዜ ብቻ፣ አንድ ሰሞን፣ ስትዘፍን ሰምቻታለሁ።

ከዚያ ክረምት ገባና ጎተራችን ባዶውን ቀረ። ቀርከሃው ሥር የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ እየነቀልን፣ መራራው እስኪለቅ ደጋግመን እየቀቀልን በላን። ጎረቤታችን ሰዓዲያ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት፣ አንድ ቀን መጥታ «የከርሞዎቹን በምን ልታበዪያቸው ነው? በምርቃት?» አለቻት።

መንገዱ እንደገና ሲከፈት በመጀመሪያ የመጡት ኡመር የሚባሉ ሽበታም ነጋዴ ነበሩ። በልተው ሲነሱ ግማሽ አሞሌ ጨው ገበታው ሥር ትተው «ኡም ሃዋ፣ ወላሂ ሁልጊዜ በነፃ መብላት አሳፈረኝ» አሏት። እናቴ እየሮጠች መለሰችላቸው። ሁለተኛ ሲመጡም መለሰች። ሦስተኛ ጊዜ ግን በቤት ውስጥ የቀረው ማሽላ ለአንድ ድስት እንኳ አይበቃም ነበርና፣ ጨዉን ወስዳ ገበያ ላይ በማሽላ ለወጠችውና ለቀጣዩ እንግዳ ገንፎ አደረገችው። የወሰደችው ለሆዷ አልነበረም፤ የሚያልፈውን ሁሉ ማብላቷን እንዳታቋርጥ ብላ ነው። ኡመርም ክፉ ሰው አልነበሩም። ስንት ዓመት የሚወቀስ ሰው ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም።

አንዱ የከፈለውን ያየ ሌላውም ከፈለ፤ ጥር ላይ ሰው ገና ሳይቀመጥ ጨዉን ቅርጫት ውስጥ መጣል ለመደ። ሰዓዲያ ስትስቅብን ከርማ እሷም ማዶ ዳስ ተክላ የወንዝ ዓሣ መጥበስ ጀመረች፤ አንድ ከሱዳን የመጣ ሰውዬም ኪስራ የሚሉትን ስስ የማሽላ እንጀራ እየጋገረ ከሥጋ መረቅ ጋር ያቀርብ ጀመር። የአሶሳ የምግብ ቤት ታሪክ ይኸው ነው፤ እንዲህ ሲሆን ሕጉ መለወጡን ያስተዋለ አልነበረም።

የካቲት ላይ አምስት ሰዎች መጡ። ትልቁ ሰውዬ ጥርሱ የነጣ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነበር፤ ገንፎውን አመስግኖ፣ ሃዋን ስሟን ጠይቆ፣ አንድ ሙሉ አሞሌ ከፈለና ሄደ። እናቴ እንዲህ ያለ ለጋስ አይታ አታውቅም ነበርና ከኋላው መረቀችው። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ሃዋ ከወንዝ ሳትመለስ ቀረች። እንስራዋን ዳር ላይ ቆሞ አገኘነው፤ ውሃ ሞልታው ነበር።

እናቴ አንጠልጥላኝ ነጋዴዎች ወደሚሰፍሩበት ሜዳ ሮጠች። ሰዎቹ አህያ እየጫኑ ነበር፤ ሃዋ ከሌሎች ልጆች ጋር በገመድ ታስራ ተቀምጣለች፣ ስታየን ልትነሳ ሞከረች፣ ገመዱ መልሶ አስቀመጣት። ሽማግሌዎችም ጩኸት ሰምተው መጥተው ነበር። እናቴ በፊታቸው ቆማ «ይህ ሰው ገንፎዬን በልቷል! ቤቴን መንካት አይችልም!» ብላ ጮኸች።

ሰውዬው አልተቆጣም። «በልቻለሁ፣ ደግሞም ከፍያለሁ፤ ጨዌን በእጅሽ ተቀብለሻል። ደንበኛሽ ነበርኩ እንጂ እንግዳሽ መች ነበርኩ?» አላት።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። አንዳቸው ብቻ፣ የአባቴ ጓደኛ የነበረው፣ በቀስታ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ጠየቃት። እናቴ መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም። ጨዉን እመልሳለሁ ብላ ወደ ቤት በረረች፤ ግማሹ ግን ተሸራርፎ ወጥ ውስጥ ገብቶ አልቆ ነበር። የቀረውን በቀሚሷ ጠቅልላ፣ ጨው የገባበትንም የባሚያ ወጥ ከነድስቱ ተሸክማ ተመለሰች። ስትደርስ ሜዳው ላይ የቀረው አመድና የአህያ ፋንድያ ነበር። ድስቱን እንደተሸከመች ሁለት ቀን መንገድ ተከተለቻቸው፤ አጎታችን ደርሶ በግድ እስኪመልሳት ድረስ አላስቀመጠችውም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ዋጋ ሳትቀበል አበላች። የአባቴን ማሳ ሸጠች፣ ፍየሎቹን ሸጠች፣ እኔን ለአጎቴ ሰጠች፤ ካበላኋቸው አንዱ የሃዋን ወሬ የማምጣት ግዴታ ይኖርበታል ብላ ነበር። ሰው ግን እየሸሻት ሄደ። ከሰዓዲያ ዘንድ ከፍሎ የበላ ሰው አፉን ጠርጎ፣ የማንም ሸክም ሳይኖርበት ይወጣል፤ ከእናቴ ዘንድ የበላ ግን ልጇን የሚጠይቅ ዓይኗን ይዞ ይሄዳል፤ ማን ይህን ይፈልጋል? የእነ ሰዓዲያ ዳሶች ቤት ሆኑ፣ ቤቶቹም ሰፉ። የእናቴን ዳስ ምስጥ በላው።

ልትሞት ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጣዬን አወጣሁባት። «ሰው የሚሸጥ ሰው ለገንፎ ብሎ የሚያፍር ይመስልሻል? ጨዉን ባትቀበይም ይወስዳት ነበር!» አልኳት። «ይወስዳት ይሆናል፤ ባልቀበል ግን ኃጢአቱ የእሱ ብቻ ይሆን ነበር» አለችኝ። ሳልመልስላትም ሞተች።

ዛሬ አሶሳ ውስጥ ምግብ ቤቱ በዝቷል፤ ጠረጴዛና ወንበር አለ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ምግብ አለ፣ ማንም ያሻውን አዝዞ ከፍሎ ይወጣል፤ እኔም እከፍላለሁ፣ መክፈል ነውር አይደለም። ያን ጊዜ ግን መንገደኛ ደጅ ሲቆም በመጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ ነበር፤ ዛሬ የሚጠየቀው ምን እንደሚበላ ነው። ሃዋ በሕይወት ካለች እንደ እኔ አርጅታለች፤ የማላውቀው አገር ውስጥ ከአንዱ ምግብ ቤት ገብታ፣ ከፍላ፣ በልታ ትወጣ ይሆናል፤ የማን ልጅ ነሽ የሚላት ግን የለም።