ከአሥሩ ሦስቱ

ጋሽ ካሣዬ አውራ ጣታቸውን የማኅተም ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ነው ማናልሞሽ "አባዬ፣ ቆይ!" ያለችው። ጣታቸው ከወረቀቱ በላይ እንደተንጠለጠለች ቀረች።

እኔ እዚያ ግቢያቸው ውስጥ የተቀመጥኩት የውሉ ሦስተኛ ምስክር እንድሆን ተጠርቼ ነው። የጋሽ ካሣዬ ጎረቤት ነኝ፤ ከሸዋ ቤንች ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራችን በአንዲት የቆርቆሮ ቤተ ክርስቲያን አብረን እናመልካለን። ውሉ አጭር ነበር። ጋሽ ካሣዬ የቡና ማሳቸውን ለአምስት ዓመት በኮንትራት ለነጋዴው ለአሚኑ ይሰጣሉ፤ አሚኑ አምስቱን ዓመት ፍሬውን ይለቅማል፤ በምትኩ ዛሬውኑ ብሩን ያስረክባል። በዚያ ብር ታናሿ ልጅ ትዝታ ማክሰኞ ጠዋት ከሚዛን በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ አረብ አገር ትሄዳለች። ጣቲቱ ካረፈች ልጅቱም ማሳውም አብረው ሄዱ ማለት ነው።

ማናልሞሽ የትዝታ ታላቅ ናት። በሃያ አምስት ዓመቷ ቤሩት ሄዳ ሰባት ዓመት ሠርታ ተመለሰች፤ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ጠዋት ከአባቷ ጋር ማሳ ታርማለች፣ ከሰዓት አማን ገበያ ሙዝና ጎደሬ ትሸጣለች። ብዙ አትናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ ብዙ የተናገረችው ከመጣች በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሁድ፣ በምስጋና ፕሮግራም ላይ ነበር። "ጌታ በባዕድ አገር ጠበቀኝ፤ በሐዘኔ አጽናናኝ፤ አባቴን ለመርዳት አበቃኝ" አለች። አጨበጨብን፣ እልል አልን።

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር። ነገር ግን በእኛ ጉባኤ ምስክርነት የሚሰጥ ሰው እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል እንጂ የከፈለውን አይዘረዝርም። ቢዘረዝር ያጉረመረመ ይመስላል። እኛም አንጠይቅም። ያን ዕለት ወደ ቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን የሰማነው ምስጋናዋን ሳይሆን በቤሩት ገንዘብ መኖሩን ነበር። በዚያው ዓመት ከሰፈራችን አራት ሴት ልጆች ፓስፖርት አወጡ። አምስተኛዋ ትዝታ ነበረች።

ውሉ በሚፈረምበት ዕለት፣ እሁድ ጠዋት፣ ለትዝታ የመሸኛ ጸሎት ተደረገ። ሽማግሌያችን ሕዝቅያስ በትዝታ ላይ እጁን ከጫነ በኋላ ወደ ማናልሞሽ ዞሮ፣ "እህታችን፣ መንገዱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ታናሽሽን የሚያበረታ ምስክርነት አካፍይን" አላት። ወጣች። መድረኩን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። "ጌታ ይመስገን" አለች። ደግማ "ጌታ ይመስገን" አለች። ከዚያ ወርዳ ተቀመጠች። ከኋላ ያሉት የደስታ እንባ መስሏቸው እልል አሉ። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠመዝዝ አየሁ፤ ምንም አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ ከሰዓት በኋላ "ቆይ" ስትል የጠዋቱን ነገር ያስታወስኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

"ምን ሆነሽ ነው?" አሉ ጋሽ ካሣዬ።

"ጋሽ ካሣዬ፣ ጣትዎ ይደርቃል እኮ" አለ አሚኑ እየሳቀ። "ለአንድ ፊርማ ሁለቴ ቀለም አልገዛም።"

ማናልሞሽ መልስ ሳትሰጥ ገብታ ለእንግዶች የተቀቀለውን ጎደሬ በትሪ ይዛ ወጣች። ወረቀቱን ገፋ አድርጋ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አሥር ፍሬ ቆጥራ ደረደረች።

"ይኼ የአንድ ወር ደመወዜ ነው፤ ሁለት መቶ ዶላር። አንዱ ጎደሬ ሃያ ዶላር ነው።"

"ሀብታም ነበርሽ በይኛ!" አለ አሚኑ።

"ቆይ ወንድሜ።" ሁለቱን አንስታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረች። "ይኼ የአልጋዬ ኪራይ ነው። ቤት አላልኩም፣ አልጋ። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ነበርን።" ሌላ ሁለት አነሳች። "ይኼ ምግብ።" አንድ። "ይኼ ውሃና ጀነሬተር። መብራት በቀን ለትንሽ ሰዓት ነው የሚመጣው፤ ለቀረው ጀነሬተር ላለው ሰውዬ ይከፈላል።"

"እዚያም መብራት ይጠፋል?" አሉ ጋሽ ካሣዬ ከልባቸው ተገርመው።

"ከሚዛን ይብሳል አባዬ።" አንድ ደግሞ አነሳች። "ይኼ የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው እንዳያልፍ፣ አሠሪዋ ነኝ ብሎ በስሙ ላስመዘገበኝ ሰው።" አንድ። "ይኼ ታክሲ፣ ስልክ፣ ገንዘቡን ለሚልክልኝ ቤት።"

ትሪው ላይ ሦስት ጎደሬ ቀረ።

"እናንተ ጋ የደረሰው ይኼ ነው" አለች።

ጋሽ ካሣዬ ሦስቱን አዩ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያሉትን ሰባት። "እኔ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ልጄ የሚተርፋትን ነው የምትልክልኝ እያልኩ ለሰው ሳወራ ነበር።"

ትዝታ ከበሩ ስር ቆማ ትሰማ ኖሯል። አዲሱ ሻንጣዋ ከኋላዋ ይታያል።

"ጨረስሽ?" አለች። "አንቺ ሄደሽ፣ አይተሽ፣ መጣሽ። አሁን በሩን በእኔ ላይ ልትዘጊ ነው። እኔ ክፍል አልከራይም፤ ሰው ቤት ነው የምገባው። ኪራይ የለ፣ ጀነሬተር የለ። አሥሩም የእኔ ነው!"

"የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመቶቼም እንደዚያ ነበሩ።"

"እና?"

"እማዬ የሞተችው ያኔ ነው።"

እናታቸው በየነች ካረፉ ስምንት ዓመት ሊሞላ ነው።

"እመቤቲቱ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፈው ነበር። ስልኬን የምትሰጠኝ ደስ ሲላት ነው። እማዬ ከተቀበረች በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሰጠችኝ። ወጥ ቤት ቆሜ መርዶውን ሰማሁ፤ ማታ እንግዶች ስለነበሩ ድምፅ አላወጣሁም። የስምንት ወር ደመወዜን ሳትከፍለኝ ነው ከእሷ ቤት የወጣሁት። ኪራይ አልነበረብኝም፤ እውነትሽን ነው።"

ጋሽ ካሣዬ ቀና ብለው አዩዋት። "ስልክሽ ዝግ ነበር" አሉ። "ለለቀስተኛው ሁሉ ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። በሆዴ ግን ቂም ይዤብሽ ነበር፣ ልጄ። ስምንት ዓመት ሙሉ።"

"ለምን አልነገርሽንም?" አለች ትዝታ። ድምፅዋ ወርዶ ነበር።

"ጉባኤው ፊት ቆሜ ካመሰገንኩ ወዲያ ዋጋውን መናገር እግዚአብሔርን መክሰስ መሰለኝ። ጠብቆኛል፤ ይኼው ቆሜያለሁ። ግን ዛሬ ጠዋት መድረኩ ላይ ስቆም፣ ያኔ ግማሹን ብቻ በተናገርኩት ወሬ ተስበሽ እየሄድሽ እንደሆነ ገባኝ።"

ከዚያ በእጇ ማሳውን አሳየች። መጋቢት ነበር፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ቡናው ነጭ በነጭ አብቧል።

"አባዬ፣ አሮጌውን ቡና ከግንዱ ቆርጠህ ስትጎነድለው ሁለት ዓመት ፍሬ አልነበረህም። ያኔ የበላችሁት እነዚህን ሦስት ጎደሬዎች ነው። ግንዱ አቆጥቁጦ፣ አምና ትንሽ አሳይቶ፣ ገና ዘንድሮ ሊያፈራ ነው። ልክ ሲያፈራ ልትሰጠው ነው?"

አሚኑ ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። ቡና አዋቂ ነው። "አልዋሽም" አለ፤ "የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ጥሩ ግንድ ነው፤ አምስቱን ዓመት ይሰጣል። ግን ጋሽ ካሣዬ፣ ብሩን ይዤ ነው የመጣሁት። እዚህ ካልሆነ ነገ ለሌላ ማሳ እከፍለዋለሁ። በኋላ ቢጠሩኝ የለኝም።"

"ቀብዱስ?" አሉ ጋሽ ካሣዬ። ሚዛን ላለው ደላላ የከፈሉት ቀብድ የጊደራቸው ዋጋ ነበር። "ጊደሯ እንዲሁ ቀረች ማለት ነው?"

እሳቸው ወደ ትዝታ ዞሩ። "ብሩ ላንቺ ነው። እኔ እምቢ ብል ዕድሜሽን ሙሉ አባቴ ዘጋብኝ ትያለሽ። ቀለሙ ሳይደርቅ ንገሪኝ።"

አንድ ባጃጅ ከታች በመንገዱ አለፈ። ትዝታ ሻንጣዋን ዞራ አየችው። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም፤ ከጓደኞቿ ሦስቱ ሄደዋል። እኔ በልቤ መጸለይ ጀምሬ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምለምን ግን አላወቅሁም፤ "አንተ ታውቃለህ" ብቻ አልኩ።

መጥታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ሰባቱን ጎደሬዎች አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ትሪው መለሰቻቸው።

"አባዬ፣ ጣትህን ጥረግ" አለች። "እናንተም ብሉ። ቀዝቅዟል።"

ገብታ በሩን ዘጋች። ስታለቅስ ውጭ ድረስ ተሰማ። ጋሽ ካሣዬ ኮባ ቀንጥሰው ጣታቸውን ፈተጉ፤ ቀለሙ ግን ሳምንት ሙሉ አልለቀቀም። አሚኑ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ አንድ ጎደሬ በላና አመስግኖ ሄደ።

ማክሰኞ አውቶቡሱ ያለ ትዝታ ወጣ። ሕዝቅያስ ሦስት ጊዜ ሚዛን ተመላልሶ ፓስፖርቷን ከደላላው አስመለሰ፤ ቀብዱ ግን ቀረ። ትዝታ እስከ ሰኔ ድረስ እህቷን አላነጋገረችም። አሁንም አንዳንድ ቀን የጓደኞቿን ፎቶ ስልኳ ላይ አይታ ትተክዛለች፤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ማለቷ አልቀረም። ማንም አይቆጣትም።

ማናልሞሽ በሚያዝያ እንደገና መድረክ ላይ ወጣች። ሁሉንም ተናገረች፣ የቆለፈችባትን እመቤት ሳይቀር። ያን ዕለት እልልታ አልነበረም። ከአምልኮ በኋላ ግን ሁለት እናቶች ወደ ጎን ወስደዋት ረጅም ጊዜ አነጋገሯት።

በኅዳር ለቀማ ላግዝ ሄድኩ። ቅርንጫፉ በቀይ ፍሬ ጎብጦ ነበር። በሽያጩ ትዝታ ሚዛን የሂሳብ ሥራ ትምህርት እንድትመዘገብ ተስማምተዋል፤ ጊደር ለመግዛት ግን አይበቃም። እህትማማቾቹ በአንድ ረድፍ ግራና ቀኝ እየለቀሙ ነበር። ትዝታ የሞላውን ቅርጫቷን ከፍ አደረገችና ጮኸች።

"ማኔ! ይኼን የት ላድርገው? የአልጋ ነው ወይስ የጀነሬተር?"

"ቤት አስገቢው" አለች ማናልሞሽ። "እዚህ አሥሩም ይገባል።"