ማንጎን ዝሆን ያለችው ሐዋ

አሶሳ ውስጥ ማንጎ የማያውቅ ልጅ አለ ቢሉኝ እስቅ ነበር። ሐዋ ግን ጉድ ሠራችኝ።

የአማርኛ ቃላት የማስተምረው በስልኬ ነው። የሥዕል ካርድ ይመጣል፣ ተማሪው ስሙን ይጠራል። ካወቀው ካርዱ ይሄዳል፤ ከሳተው ስልኩ ራሱ ስሙን ይናገርና ካርዱ ተመልሶ ይመጣል።

ማንጎ መጣ። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ሐዋ «ሙዝ» አለች። ተመልሶ መጣ። «ሎሚ።» አሁንም መጣ። «ዝሆን!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ የእኔ ደም ግን ፈላ።

«ትቀልጃለሽ እንዴ?»

«አይደለም፣ ቲቸር» አለች፣ ከጾሬ የስደተኞች መጠለያ ከመጣች ወዲህ ትንፍሽ ብላ የማታውቀውን የአጠገቧን ልጅ እያሳየችኝ። «እኔ ካወቀ ካርዱ ይሄዳል። እሷ ገና አላወቀም።»

ልጅቷ ወደ ስልኩ ጠጋ አለችና፣ «ማንጎ» አለች።